ቅን ፖሊስ ንጹሕ ሰው የሚያሳስረው እንዴት ነው?

ስለ ፖሊስ ሥነ ምግባር ሲወራ መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው ጉቦ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። ጉቦ ነውር መሆኑ ላይ ግን ክርክር የለም። የሚበላው ሰው ራሱ ተደብቆ ነው የሚበላው። ማውገዙ ቀላል ነው፤ ከባዱ እጅ ከፍንጅ መያዙ ነው።

እኔ ዛሬ ላብራራ የፈለግኩት ስለ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ሳንቲም የማይነካ መርማሪ አለ። ለሥራው ሲል ቤቱ ሳይገባ ያድራል። የሟች እናት ስታለቅስ አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። ገዳዩ እንዲያዝ ከልቡ ይፈልጋል። አንድ ቀን ታዲያ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያይና «በቃ፣ እሱ ነው» ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያደርገው ሁሉ ፍትሕ ሆኖ ይታየዋል። ትንሽ ማስፈራራት፣ ትንሽ ማታለል፣ የማይመች ወረቀት ከፋይሉ ማውጣት፣ ምስክሩን ትንሽ ገፋ ማድረግ። ሁሉም ለተጎጂው ሲባል ነው።

ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎች ስም አውጥተውለታል፦ ለበጎ ዓላማ ሲባል የሚፈጸም ብልሹነት። እውነቱን ለመናገር ከጉቦ ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል። ጉቦ የበላ ሰው ማታ ሕሊናው ሊቆረቁረው ይችላል። እዚህ ግን ወደ ጥፋቱ የሚገፋው ሕሊናው ራሱ ነው።

ይህ ነገር ከምርመራ ክፍሉ ተነሥቶ እስከ ዳኛው ወንበር እንዴት እንደሚደርስ፣ በእውን ከተፈጸሙ ጉዳዮች እንየው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ያልሠራውን ለምን «ሠራሁ» ይላል?

ብዙዎቻችን «ቢገድሉኝም ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም» እንላለን። የእምነት ቃል በፍርድ ቤት ይህን ያህል ጉልበት ያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው። ጤነኛ ሰው በገዛ ራሱ ላይ ለምን ይመሰክራል?

ግን ይመሰክራል። አሜሪካ ውስጥ ኢኖሰንስ ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት ከ1989 እስከ 2020 ድረስ በዲ ኤን ኤ ምርመራ ነጻነታቸው የተረጋገጠ 375 ፍርደኞችን መዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 29 በመቶ በሚሆኑት ጉዳዮች ላይ የሐሰት የእምነት ቃል አለ። ወንጀሉን ሌላ ሰው እንደሠራው ዲ ኤን ኤው ተናገረ፤ ፋይሉ ውስጥ ግን «አዎ፣ ሠርቻለሁ» የሚል ፊርማ ተቀምጧል።

ድብደባ ሁሌም አያስፈልግም። አንድ ሰው መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰዓት ይቀመጣል። እንቅልፍ የለም። ስልክ የለም። መርማሪው «አንተ እንደሆንክ እናውቃለን» ይለዋል። እሱ «አይደለሁም» ባለ ቁጥር ያቋርጠዋል። ቀጥሎ ለስለስ ይላል፦ «መቼስ አስበህበት አይደለም። ተናደህ ነው። እኔም ብሆን እናደድ ነበር።» ከዚያ ደግሞ የሌለ ማስረጃ ይጠራል፦ «አሻራህ ተገኝቷል። ጓደኛህ ሁሉን ነግሮናል።» በዚህ ሰዓት ሰውየው ሒሳብ ይሠራል። ቅጣቱ ሩቅ ነው፤ ምናልባትም አይመጣም። ከዚህ ክፍል መውጣት ግን አሁን ነው። «ልፈርምና ልውጣ፣ ነገ ዳኛው ፊት እውነቱን እናገራለሁ» ይላል።

በተለይ ልጆች፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውና ሱስ ላይ ያሉ ሰዎች በቶሎ ይሰበራሉ። ሌላ የሚያሳዝን ነገርም አለ። ሶል ካሲን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዳሳዩት፣ ንጹሕ መሆን ራሱ ለአደጋ ያጋልጣል። ጥፋተኛው ይጠነቀቃል፤ ዝም ይላል፤ ጠበቃ ይጠይቃል። ንጹሑ ግን «ምን የምደብቀው አለኝ?» ብሎ ያለ ጠበቃ ሰዓታት ያወራል።

በ1989 ኤፕሪል ላይ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ስትሮጥ የነበረች አንዲት ሴት ተደብድባና ተደፍራ ተገኘች። ከተማው ተቆጣ። ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆኑ አምስት ልጆች ተያዙ። ከረጅም ሰዓታት ምርመራ በኋላ አራቱ በቪዲዮ ካሜራ ፊት የእምነት ቃል ሰጡ። እዚህ ጋ ቆም እንበል። ካሜራው የቀረጸው መጨረሻ ላይ የሰጡትን ቃል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዓታት አልተቀረጹም። ልጆቹ የተናገሩት እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር። የተገኘው ዲ ኤን ኤም ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም፤ ይህ ደግሞ ክሱ ከመሰማቱ በፊት ይታወቅ ነበር። ቢሆንም «አምነዋል» የሚለው ነገር ሁሉን ዋጠው። በ1990 ተፈረደባቸው። በ2002 በሌላ ወንጀል ታስሮ የነበረ ሰው «ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለ። ዲ ኤን ኤው የእሱ ሆኖ ተገኘ። ፍርዱ ተሰረዘ፤ በ2014 ከተማዋ 41 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማች።

«ታዲያ ወንጀለኛው ብቻ የሚያውቀውን ነገር እንዴት ተናገሩ?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሣል። መልሱ ቀላል ነው፤ ግን በቅርብ ካላዩት አይታይም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ንግግር አስቡ።

«ቢላዋውን የት ጣልከው?»
«አላውቅም።»
«ወንዙ ጋ ሄደሃል አይደል?»
«ምናልባት።»
«እና ወንዙ ውስጥ ወረወርከው።»
«እሺ፣ አዎ።»

አሁን መዝገቡ ላይ የሚጻፈውን ተመልከቱ፦ «ተጠርጣሪው ቢላዋውን ወንዝ ውስጥ እንደጣለው ገልጿል።» ጥያቄው ጠፋ፤ መልሱ ብቻ ቀረ። ከወር በኋላ መርማሪው ራሱ ይህን ገጽ አንብቦ «ገዳዩ ካልሆነ ወንዙን ከየት አወቀው?» ይላል። አልዋሸም። ራሱ እንደነገረው ረስቶታል። የሐሰት የእምነት ቃል በዝርዝር ነገሮች የሚሞላው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ምርመራው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ካልተቀረጸ ደግሞ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያጣራው አይችልም። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የሚባለው እኮ ለእንዲህ ያለው ነው።

አይስላንድ ውስጥ የሆነው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ1974 ሁለት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ጠፉ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስድስት ወጣቶች ተይዘው ለብቻቸው ታሰሩ፤ ለብቻው ከ600 ቀን በላይ የቆየ ነበር። ከመካከላቸው በራሳቸው ትዝታ መጠራጠር የጀመሩ ነበሩ። «ምናልባት ገድዬ ረስቼው ይሆን?» እስከ ማለት ደረሱ። በመጨረሻ ፈረሙ፤ ተፈረደባቸው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስቱን በግድያው ነጻ ያላቸው በ2018 ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ። እስከዚያ ድረስ ሳይሰሙት የሞቱ አሉ።

በዚያ ዘመን በአይስላንድ ፖሊስ ውስጥ ይሠራ የነበረ ጊስሊ ጉድዮንሰን የሚባል ወጣት ነበር። በአንድ የስርቆት ጉዳይ አንድን ሰው መርምሮ፣ ሰውየው ቦርሳ እንደሰረቀ አመነለት። በኋላ ሲጣራ ቦርሳው ጭራሽ አልተሰረቀም። ጉድዮንሰን ነገሩን «ያው ስሕተት ነው» ብሎ አላለፈውም። ሥነ ልቦና ተምሮ፣ የሐሰት የእምነት ቃል እንዴት እንደሚፈጠር በማጥናት በዓለም ከሚጠቀሱት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ ሆነ። እኔ በግሌ ለሙያው ከዚህ የበለጠ ታማኝነት አላውቅም።

ሌላ መንገድ አለ። እንግሊዝና ዌልስ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው የአጠያየቅ ዘዴያቸውን ቀየሩ። መርማሪው «አምጣ፣ እመን» አይልም። «እስኪ የዚያን ቀን የሆነውን ንገረኝ» ይላል፤ ያዳምጣል፤ ከዚያ የተነገረውን ካለው ማስረጃ ጋር ያስተያያል። የሌለ ማስረጃ አለ ማለት አይፈቀድም። ኖርዌይም ተመሳሳይ መንገድ ተከተለች። በ2021 ደግሞ ሁዋን ሜንዴዝ በተባሉት የቀድሞ የተባበሩት መንግሥታት የማሠቃየት ጉዳይ መርማሪ ስም የሚጠራ ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጣ፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። «እንዲህ ከሆነማ ወንጀለኛ አይያዝም» የሚሉ አሉ። ወንጀለኛ ግን ሳይጮኹበትም ይዋሻል፤ ውሸቱ ከማስረጃው ጋር ሲጋጭ ደግሞ በገዛ አፉ ይያዛል። አሜሪካ ውስጥ መርማሪ ተጠርጣሪን በውሸት ማስረጃ ማታለሉን የ1969 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አልከለከለውም። ኢሊኖይ በ2021 ሕጻናትን በዚህ መልክ ማታለልን በመከልከል የመጀመሪያዋ ግዛት ሆናለች።

ልጁ በሕይወት ቢኖርስ?

እስካሁን ያየነው የተሳሳተ ሰው የተያዘባቸውን ጉዳዮች ነው። ትክክለኛው ሰው ተይዞስ ቢሆን? ይህን ጥያቄ መሸሽ አልፈልግም።

በ2002 ጀርመን ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ታገተ። ፖሊስ የማስለቀቂያውን ገንዘብ የወሰደውን የሕግ ተማሪ ተከታትሎ ያዘው። ልጁ የት እንዳለ ግን አልናገር አለ። ሰዓቱ ይሄዳል። ልጁ የሆነ ቦታ ተዘግቶበት፣ ተርቦና ተጠምቶ ሊሆን ይችላል። የከተማዋ ምክትል የፖሊስ አዛዥ ቮልፍጋንግ ዳሽነር ለበታቻቸው ትእዛዝ ሰጡ፤ ካልተናገረ ከባድ ሕመም እንደሚደርስበት ንገረው አሉት። ተነገረው። ወዲያው ቦታውን ተናገረ። ልጁ ግን ሞቶ ተገኘ። የተገደለው ሰውየው ከመያዙም በፊት ነበር።

ዳሽነር ያደረጉትን አልደበቁም። ራሳቸው በጽሑፍ አድርገው ፋይሉ ውስጥ አስቀመጡት። በ2004 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው፤ ቅጣቱ ግን ከማስጠንቀቂያ ብዙም አላለፈም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2010 ዛቻው ኢሰብአዊ አያያዝ መሆኑን ወሰነ። የልጅ ነፍስ ለማዳን ቢሆንም ልዩ ሁኔታ የለም አለ። ገዳዩ ግን በዚህ አላመለጠም። በዛቻ የሰጠው ቃል ውድቅ ተደርጎ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደገና በሰጠው የእምነት ቃል ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል፤ ያም ጸንቷል።

ይህን ጉዳይ ሳነብ ዳሽነርን ክፉ ሰው ማለት አልቻልኩም። ፍርዱ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴ ይህ ነው። እሳቸው የያዙት ትክክለኛውን ሰው ነበር። ሕግ ግን ለእሳቸው ብቻ ተለይቶ አይጻፍም። «እርግጠኛ ከሆንክ ማስፈራራት ትችላለህ» ተብሎ ቢጻፍ፣ በኒው ዮርክም በአይስላንድም የነበሩት መርማሪዎች እርግጠኛ ነበሩ። የ1984ቱ ዓለም አቀፍ የማሠቃየት ክልከላ ስምምነት ጦርነትም ሆነ ሌላ አስቸኳይ ሁኔታ ማሠቃየትን ሊያጸድቅ አይችልም ያለው፣ በማሠቃየት የተገኘ ቃልም ማስረጃ አይሆንም ያለው ለዚህ ነው። ዳሽነርን ከሌሎች የሚለያቸው አንድ ነገር አለ። የጣሱትን ራሳቸው ጻፉት፣ ዳኛ እንዲፈርድባቸውም ራሳቸውን አቀረቡ። ለበጎ ዓላማ ሕግ የሚጥስ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጥሶ ይደብቃል፤ ለመደበቅም ሌላ ይጥሳል።

«እስኪ ደግመሽ እይ»

እርግጠኛነት ይተላለፋል። ከመርማሪው ወደ ምስክር፣ ከምስክር ወደ ባለሙያ።

በ1984 አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አንዲት ተማሪ ተደፈረች። ጥቃቱ ሲፈጸምባት የሰውየውን ፊት ላለመርሳት እያሰበች ታጠናው ነበር። ከፎቶዎች መካከል አንዱን መረጠች። ቀጥሎ በአካል ከተደረደሩ ሰዎች መካከል ያንኑ ሰው ለየች። ከዚያ ከፎቶዎቹም የመረጠችው እሱኑ እንደነበር ከፖሊስ ሰማች። በጥሩ ልብ ነው፣ ለማጽናናት። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ቅንጣት ጥርጣሬ አልቀራትም። ፍርድ ቤት ቀርባ በሙሉ ልብ መሰከረች። በ1995 ዲ ኤን ኤው የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። አንድ ንጹሕ ሰው አሥር ዓመት ታስሯል። ከላይ ከጠቀስኳቸው 375 ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ ላይ የምስክሮች የተሳሳተ መለየት አለበት።

አንዲት ምስክር ስድስት ፎቶ ፊቷ ተደርድሮ ስታይ አስቡ። ጣቷ ሁለተኛው ላይ ሲያርፍ ፖሊሱ «እስኪ ደግመሽ እይ» ይላል። አራተኛው ላይ ሲያርፍ እስክሪብቶውን ያነሣል። ምንም አልተናገረም። ተናግሯል ግን። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ፎቶውን የሚያሳየው ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ፖሊስ ይሁን። ለምስክሯ «ሰውየው እዚህ ውስጥ ላይኖርም ይችላል» ይነገራት። ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነች እዚያው፣ በራሷ ቃል ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ፍርድ ቤት የምትለው ሌላ ሊሆን ይችላልና።

ባለሙያም ከዚህ አይተርፍም። በ2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ከአንድ ከረጢት ላይ የጣት አሻራ ተነሣ። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ባለሙያዎች አሻራው ኦሪገን የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው አሉ። አንዱ ያለውን ሌላው አጸደቀ። የስፔን ፖሊስ «አይገጥምም» ቢልም አልተሰማም። ሰውየው ወደ ሁለት ሳምንት ታሰረ። ከዚያ ስፔኖች አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አረጋገጡ።

ኢትየል ድሮር የተባሉ ተመራማሪ ይህን ሰምተው በ2006 አንድ ሙከራ አሳተሙ። ለአምስት የአሻራ ባለሙያዎች ጥንድ አሻራ ሰጡና «ይሄ ያ ኤፍ ቢ አይ የተሳሳተበት ነው» አሏቸው። አሻራዎቹ ግን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከዓመታት በፊት «ይገጥማል» ያሏቸው ነበሩ። ከአምስቱ በቀድሞ መልሱ የጸናው አንድ ብቻ ነው። መልሱን አስቀድሞ አይቶ ሒሳብ እንደሚሠራ ተማሪ፣ ሌሎቹን የሰሙት ነገር መራቸው። ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ሰው «አምኗል»፣ «የቀድሞ ወንጀለኛ ነው» የሚል ወሬ ባይሰማ ነው የሚሻለው። አሻራውን ለማየት የሚያስፈልገው አሻራው ብቻ ነው።

ዐቃቤ ሕጉና ዳኛው

ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን እንደ ተጋጣሚ ቡድን አድርጎ ካየ ነገሩ ተበላሸ። ሥራው እውነቱ እንዲወጣ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን የሚጠቅም ማስረጃ መደበቅ እንደማይችል ወስኗል። በተግባር ግን ፋይሉ በእጁ ነው። ምን እንደተደበቀ ተከሳሹ አያውቅም፤ የማያውቀውን ሊጠይቅ አይችልም። «ይሄ ወረቀት ጥፋተኛውን ሊያስመልጥ ነው» ብሎ የሚያስብ ዐቃቤ ሕግ፣ ወረቀቱን ለመተው ማስፈራሪያም ጉቦም አያስፈልገውም። መሳቢያውን መዝጋት ይበቃዋል። አብዛኛው ክስ በድርድር በሚያልቅበት አገር ደግሞ ነገሩ ይከፋል። «ጥፋተኛ ነኝ ካልክ ሁለት ዓመት፣ ከተከራከርክ ግን ሃያ» ዓይነት ምርጫ የቀረበለት ንጹሕ ሰው ሁለት ዓመቱን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? የክርክር ቀን ስለሌለ፣ የተደበቀው ወረቀትም አብሮ ተቀበረ።

ዳኛ ደግሞ የመጨረሻው ማጣሪያ ነው። እሱም ሰው ነው። በ1974 እንግሊዝ በርሚንግሃም ውስጥ ሁለት መጠጥ ቤቶች በቦምብ ተመቱ፤ 21 ሰዎች ሞቱ። ስድስት አየርላንዳውያን ተያዙ። አራቱ የእምነት ቃል ፈረሙ። ተደብድበን ነው አሉ። ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። እስር ቤት ሆነው ፖሊሶቹን በድብደባ ከሰሱ። በ1980 ጉዳዩን ካዩት ዳኞች አንዱ በአገሪቱ እጅግ የተከበሩት ሎርድ ዴኒንግ ነበሩ። ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ቢረቱ ፖሊሶች ዋሽተዋል፣ ደብድበዋል፣ ፍርዱም ስሕተት ነበር ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለማሰብ የሚያስፈራ ስለሆነ ክሱ መቀጠል የለበትም። ክሱ ተዘጋ።

ልብ በሉ፣ «ማስረጃ የላቸውም» አላሉም። እውነት ከሆነ በጣም አስከፊ ነው፣ ስለዚህ አንየው ነው ያሉት። ይህን የተናገሩት ሥርዓቱን ከመውደድ ነው። ስድስቱ ሰዎች ነጻ የወጡት በማርች 14 ቀን 1991 ነው። የፖሊስ ማስታወሻዎች በሳይንሳዊ ዘዴ ሲመረመሩ ተነካክተው ተገኙ፤ ፈንጂ ነክተዋል ያለው የላቦራቶሪ ምርመራም የማይታመን ሆነ። ከ16 ዓመት በላይ ታስረዋል። ከዚያ ነው እንግሊዝ የተጠናቀቁ ፍርዶችን እንደገና የሚያይ ራሱን የቻለ ኮሚሽን ያቋቋመችው፤ በ1997 ሥራ ጀመረ። ፍርድ የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። ጉዳዩን ፈትሾ ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት መመለስ ግን ይችላል። ከፖሊስም፣ ከዐቃቤ ሕግም፣ ከመጀመሪያው ዳኛም ውጭ የሆነ ዓይን ማለት ነው።

አጠገብ ያለው ባልደረባ

እስካሁን ያልነካሁት ሰው አለ፤ ቆሞ የሚያየው።

በ2020 ሜይ 25 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዴሪክ ሾቪን የተባለው ፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድን መንገድ ላይ አስተኝቶ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ አንገቱ ላይ ተንበረከከበት። ሌሎች ሦስት ፖሊሶች እዚያው ነበሩ። ሁለቱ ሥራ ከጀመሩ ገና ቀናቸው ነው። ሾቪን ለአንደኛው አሠልጣኙ ነበር። ከአዲሶቹ አንዱ «በጎኑ እናስተኛው?» ብሎ ጠየቀ። ሾቪን እምቢ አለ። አዲሱ ፖሊስ ደግሞ ጠየቀ። ከዚያ ዝም አለ።

ያች ጥያቄ ከአእምሮዬ አትጠፋም። ስሕተት መሆኑ ታይቶታል። ሾቪን ግን ወደ 19 ዓመት ገደማ በፖሊስነት የሠራ ሰው ነው። ማን ያርመዋል? በ2022 ሦስቱም በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል፤ ሦስቱም ሰውየው የሕክምና እርዳታ ሳያገኝ በመቅረቱ፣ ሁለቱ ደግሞ ሾቪንን ባለማስቆማቸው ጭምር።

«ድፍረት ይኑርህ» ብሎ መምከር እዚህ ጋ ብዙ አያራምድም። የበታች የሆነ ሰው አለቃውን የሚያርምበት ቃል አስቀድሞ መለማመድ አለበት፤ እጁን በምን ቃል እንደሚይዘው፣ «እኔ ልያዘው፣ አንተ ዕረፍ» እንዴት እንደሚለው። የኒው ኦርሊንስ ፖሊስ በ2016 እንዲህ ያለ ሥልጠና ጀምሯል፤ ሌሎችም ተከትለውታል። ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ሥልጠናው ባልደረባን ማሳጣት ነው አይልም። ባልደረባህን ከሥራ ከመባረርና ከመታሰር አድነው ነው የሚለው። ያ ቋንቋ ፖሊስ ጆሮ ውስጥ ይገባል።

ዜና ላይ «ተጠርጣሪው አምኗል» ሲባል

እኛ አንባቢዎችም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለን። ያ መርማሪ የሚቸኩለው እኛ ስለምንጮህ ጭምር ነው። «ተያዘ» ሲባል እናጨበጭባለን፤ «ማስረጃ ስላልበቃ ተለቀቀ» ሲባል እንናደዳለን። ማስረጃ ሳይበቃው ሰው የለቀቀ ፖሊስ ሥራውን የሠራ ፖሊስ መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ «አምኗል» የሚል ዜና ስንሰማ ልንጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የተቀረጸው ከመጀመሪያው ጥያቄ ነው ወይስ ከመጨረሻው ቃል? ስንት ሰዓት ፈጀ? ጠበቃ ነበረው? ዕድሜው ስንት ነው? ፖሊስ የማያውቀውን፣ እሱ ከተናገረ በኋላ የተገኘ አንድ ነገር እንኳ አለ? ቤተሰባችሁ ውስጥ ሰው ከተያዘ ደግሞ፣ ንጹሕ መሆኑን ብታውቁም፣ ጠበቃ ሳይመጣ «ሄደህ ሁሉንም አስረዳቸው» አትበሉት።

ይህን የሚያነብ መርማሪ ካለ፣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «እሱ ነው» ብለህ እርግጠኛ በሆንክበት ቀን፣ ፋይሉን ስለ ጉዳዩ ምንም ላልሰማ ባልደረባህ ስጠው። «ሰውየው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ማስረጃ በሌላ በምን ሊገለጽ ይችላል?» ብለህ ጠይቀውና መልሱን ጽፈህ እዚያው ፋይል ውስጥ አስቀምጠው፤ ዐቃቤ ሕጉም፣ የተከሳሹ ጠበቃም፣ ዳኛውም እንዲያዩት።